ብታመም ማን ይከፍለኛል?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። ዱቄት ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል እሠራለሁ። ዓመት አልፎኛል፣ ግን እስካሁን የቀን ሠራተኛ ነው የምባለው። የፈረምኩት ውል የለም። የሠራሁበት ቀን ይታሰብልኛል፣ የቀረሁበት አይታሰብም። ከክረምት ጀምሮ ያስለኛል፣ ሌሊት ደረቴ ሲር ሲር ይላል። እሑድ ስውል ትንሽ ይሻለኝና ሰኞ ዱቄቱ ውስጥ ስገባ ይብስብኛል። ጤና ጣቢያ ብሄድ «ዕረፍት አድርጊ፣ ከብናኙ ራቂ» አሉኝ። በምን ልረፍ? ኪራይ አለብኝ፣ ሽንዲ ላለችው እናቴም እልካለሁ። ለካቦው ብነግረው «ድሮም ደካማ ነሽ፣ ካልቻልሽ በር ላይ ስንት ሰው ቆሟል» አለኝ። የቢሮዎቹ ሲታመሙ ወረቀት አምጥተው ያርፋሉ፣ ደመወዛቸው አይነካም። ደብቄ ልሥራ ወይስ ልተወው?

የቡሬዋ

—

እህቴ፣ አትደብቂው። ደካማም አይደለሽም። እሑድ ተሽሎሽ ሰኞ የሚብስሽ ከሆነ ነገሩ ከሥራው ጋር ሳይያያዝ አይቀርም፤ የዱቄት ብናኝ አስም እንደሚያመጣ ዳቦ ጋጋሪዎችና የወፍጮ ሠራተኞች ላይ የታወቀ ነው። ቢሆንም ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ስለሆነ መጀመሪያ የአክታ ምርመራ ይደረግልሽ። ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው።

«ደካማ ነሽ» ያለሽ ነገር በጣም አናዶኛል። ክፍያሽ ትንሽ ስለሆነ አታርፊም፣ ስላላረፍሽ ሕመሙ ይጠናል፣ ሲጠና ቀን ትቀሪያለሽ፣ ስትቀሪ ክፍያሽ ጭራሽ ያንሳል፣ ከዚያ «አትችልም» ተብለሽ ትባረሪያለሽ። ይሄ ያንቺ ባሕርይ አይደለም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ፣ ኋይትሆል የሚባል የመንግሥት ሠራተኞች ጥናት አለ። ሁሉም ቋሚ ሥራ ያላቸው ናቸው፣ ሕክምናም ለሁሉም ነጻ ነው። ያም ሆኖ በታችኛው እርከን ያሉት ወንዶች የሞት መጠን ከላይኞቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ፣ እርከኑ በወረደ ቁጥርም ጤናው አብሮ ይወርዳል። እነሱ እንዲህ ከሆኑ ውል የሌላትና በብናኝ ውስጥ የምትውል ልጅማ እንዴት አይብስባት?

አሁን ወደ ሕጉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። በቃል የተቀጠረ ሰው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል፣ የማይቋረጥ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ደግሞ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተቀጠረ ይቆጠራል። ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሚታሸግ ዱቄት ጊዜያዊ ሥራ ነው ብሎ የሚያሳምን ሰው አላውቅም። ስለዚህ የሕመም ፈቃዱ ላንቺም ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ክፍያ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል፣ በቀረሽ ማግስትም ማሳወቅ አለብሽ። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ከሆነ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ማስክ ማቅረብም የእሱ ግዴታ ነው።

በወረቀት ያለው በር ላይ ከቆመው ሰልፍ እንደማያስጥልሽ ይገባኛል። ለዚህ ነው ብቻሽን አትግቢ የምልሽ። እዚያ ክፍል ውስጥ የምታስለው አንቺ ብቻ አትሆኚም። አሥር ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፣ እሱ እስኪሆን ሦስት አራት ሆናችሁ የከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ባለሙያውን አነጋግሩ። ሐኪሙ ስለ ዱቄቱ በወረቀቱ ላይ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። የሠራሽባቸውን ቀናትና የተከፈለሽን ደግሞ ደብተር ላይ መዝግቢ፣ ውል የሌለው ሰው ማስረጃው ያ ነው። በብናኙ ውስጥ ግን ዝም ብለሽ አትቆዪ፤ ከማሸጊያው ውጭ ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

እናትሽ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናቸው? ይሄ ነገር በ2003 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። መዋጮ መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይሸፍናል፣ መራጩ ቀበሌው ነው። ስማቸው መኖሩን አጣሪ፣ አንቺም ለምትኖሪበት ቀበሌ ጠይቂ። የእሳቸው ሕክምና ካንቺ ኪስ ካልወጣ ጥቂት ቀን ለማረፍ ትችያለሽ።

ከሥራ ቢያስወጡሽ ደግሞ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው በሦስት ወር ውስጥ ነው። እሱ ቀን እንዳያልፍብሽ።