ክረምት በገባ ቁጥር የሚሰበረው የግቢ ቧንቧ

ጥያቄ፦ የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው የብረት ቧንቧ በየዓመቱ ዝናብ ሲጀምር ይሰበራል። አምና በአዲስ አስቀየርኩት፤ ዘንድሮም ሰኔ ላይ እዚያው ግድግዳው አጠገብ ተሰበረ። የቧንቧው ጥራት ይሆን?

መልስ፦ ቧንቧውን ከመጠርጠርዎ በፊት አፈሩን ይዩት። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ በክረምት ጫማ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ የሚል ጥቁር አፈር ከሆነ ኮትቻ ነው። ኮትቻ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የቀበሩበትንም ቧንቧ ይዞት ይንቀሳቀሳል። የሰኔ ዝናብ ደግሞ ግቢውን እኩል አያርሰውም። የአሸንዳው ውሃ የሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ ሲያብጥ፣ ሊሾው ስር ያለው አፈር ገና ደረቅ ነው። ቧንቧው ባንድ ጫፉ በቆጣሪው፣ በሌላው በግድግዳው ተይዟል። መሀሉ ሲነሳ ጫፉ ይታጠፋል።

የተሰበረውን ቁራጭ ካልጣሉት ይመልከቱት። ስብራቱን ለመገጣጠሚያ ጥርስ የወጣበት ቦታ ላይ ሳያገኙት አይቀሩም። ጥርስ ሲወጣ ብረቱ ይሳሳል፣ ዝገት የሚከላከለው ዚንክም ተፍቆ ይወርዳል። ስለዚህ ብረቱን በብረት መተካት ገንዘብ መጨረስ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ፣ ውሃው ሲመለስ በመስመሩ ውስጥ ያለው አየርና የውሃው ምት የሳሳውን ቦታ ይጨርሰዋል።

እኔ የምመክርዎት ኤችዲፒኢ የሚባለውን ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ ባለ 25 ሚሊሜትር፣ 16 ባር ግፊት የሚችለውን። ከጥቅልሉ ሲፈታ ሳይወጠር፣ ትንሽ እየተጠማዘዘ ይቀበር። ፀሐይ ላይ የዋለውን ለክተው ወዲያው አይቁረጡ፤ 20 ሜትር ቧንቧ በ20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ሊያጥር ይችላል። ከስሩም ከላዩም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ይደረግለት፤ የወጣውን ኮትቻ መልሰው ቧንቧው ላይ አይድፉበት። በግድግዳው ሲያልፍ ሰፋ ባለ የፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ይለፍ እንጂ በሲሚንቶ አይታሰር። ብዙ ባለሙያ የሚዘለው ይህንን ነው፤ እርስዎ ግን ቆመው ያሠሩት። የአሸንዳውንም ውሃ ቧንቧው ከተቀበረበት ቦይ ያርቁት፣ አለበለዚያ አሸዋው ራሱ ውሃ ያጠራቅማል።

አሁን ግን ሳይውሉ ሳያድሩ አንድ ነገር ያድርጉ። ክረምት ላይ መሬቱ ሁሉ እርጥብ ስለሆነ የሚያፈስ ቧንቧ በዓይን አይለይም። ውሃ ባለበት ሰዓት የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግተው፣ የሮቶው መሙያም ቆሞ፣ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ኮከብ ይመልከቱ። ከዞረች ያፈሳል ማለት ነው። ይህ ከሂሳቡም በላይ ያሳስበኛል፤ ውሃ ሲጠፋ ግፊቱ ስለሚወርድ የክረምቱ ጎርፍና የሽንት ቤት ፍሳሽ በዚያው ቀዳዳ ወደ ቧንቧው ይገባል። እስኪጠገን ለልጆች የሚሰጠውን ውሃ ያፍሉት፤ ከጥገና በኋላም የመጀመሪያውን ውሃ ጥርት እስኪል ይልቀቁት። የሚያፈሰው ከቆጣሪው በፊት ከሆነ ግን ራስዎ አይንኩት፣ ለውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ያመልክቱ።