የማሩን ርዕስ አትተዪ

ጥያቄ፦ ጎንደር የኬሚስትሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ማር ከየትኛው አበባ እንደመጣ በውስጡ ባሉት ስኳሮች መለየት ነው። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ማር ይነግዳል። «ማር ለማወቅ ምላስ ይበቃል፤ ቀላል ርዕስ ይዘሽ ቶሎ ተመረቂና ሱቁን ያዢልኝ» ይለኛል። እኔም ይኸን ይዤ የት እቀጠራለሁ ብዬ ፈራሁ። እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። ወይስ ማስተርስ ልቀጥል?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ አስተምረው እዚህ አድርሰውሻል፤ ክብር ይገባቸዋል። በዚህ ነገር ግን ተሳስተዋል። ምላሳቸው የግራዋን ማር ከመጭ ማር ይለይ ይሆናል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ግን የአበባ ማር በ100 ግራም ውስጥ ፍሩክቶስና ግሉኮስ የተባሉት ስኳሮቹ ተደምረው ከ60 ግራም እንዳያንሱ፣ ሱክሮሱም (ተራው የገበታ ስኳር) በአብዛኛው ማር ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ይህን ምላስ አይቆጥረውም። ማሩ ሲረጋ «ስኳር ጨምራችሁበታል» ብሎ የሚሟገት ደንበኛም መቼም አያጡም። ግሉኮስ የበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል፤ ፍሩክቶስ የበዛበት ግን ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ያንን ሙግት በማስረጃ የምትዘጊላቸው አንቺ ነሽ።

የት እቀጠራለሁ ላልሽው፣ ሙያሽ ማር ሳይሆን መለካት ነው። ናሙናውን አሟሙተሽና አጣርተሽ ኤችፒኤልሲው (በፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀሉትን ለያይቶ የሚለካው ማሽን) ላይ ስታስገቢ፣ በአሚኖ ኮለመን (ስኳሮቹን በሚለያየው ቱቦ) መጀመሪያ ፍሩክቶስ፣ ቀጥሎ ግሉኮስ፣ ከዚያ ሱክሮስ ሲወጣ ታያለሽ። ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማወዳደሪያ) አዘጋጅተሽ ያገኘሽውን ቁጥር መከራከር ከቻልሽ፣ መድኃኒት ፋብሪካም ቢራ ፋብሪካም የሚፈልገው ይኸንኑ እጅ ነው፤ ዳሸን ቢራ እዚያው ከተማሽ ውስጥ አለ። እኔ በሙያዬ ያደግኩት በምግብ ላቦራቶሪ ነው። ሥራ ፈላጊ ስፈትን የርዕሱን ስም ትቼ «በማሽኑ ግራፍ ላይ ሁለት ፒክ (ጉብታ) ተደራርቦ ቢወጣ ምን ታደርጋለህ?» እል ነበር። ቀላል ርዕስ ይዞ፣ መጠይቅ ብቻ በትኖ የተመረቀ ኬሚስት እዚህ ጋ ዝም ይላል።

ርዕሱን ስትይዢ ግን ከልክ በላይ ቃል አትግቢ። ንብ የአበባውን ሱክሮስ በኢንዛይሟ ወደ ፍሩክቶስና ግሉኮስ ስለምትሰብረው፣ የተለያየ አበባ ማር በዋናዎቹ ስኳሮች በጣም ይመሳሰላል። ፍንጩ ያለው በሁለቱ ምጣኔና እንደ ማልቶስና ቱራኖስ ባሉት፣ በትንሹ በሚገኙት ስኳሮች ላይ ነው። ስኳር ብቻውን «ይኸ የባሕር ዛፍ ነው» ብሎ አይፈርድም፤ የአበባ ዱቄቱንም በማይክሮስኮፕ እዪ። ናሙና ከሱቁ አትውሰጂ፤ እዚያ የሚደርሰው የብዙ ቀፎ ቅልቅል ነው። ይልቅ አባትሽ ከሚያውቋቸው ንብ አናቢዎች ጋር ያገናኙሽ። መጭና አደይ አብበው ካለፉ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ማሩ ሲቆረጥ ቀፎው አጠገብ ቆመሽ ተቀበዪ፤ በዙሪያው ያበበውንም መዝግቢ። የነጋዴ ልጅነትሽ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው።

ሱቁን በተመለከተ፣ ለሻጭነት የኬሚስትሪ ዲግሪ አያስፈልግም። አባትሽ ሻጭ ከፈለጉ ይቅጠሩ። የቤቱ ገንዘብ ከጠበበ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁሚላቸው፤ የቀሩት ቀናት የላቦራቶሪ ይሁኑ። እንግሊዝኛው የላቦራቶሪ መዝገብሽን በየቀኑ በእንግሊዝኛ ስትጽፊ ይሻሻላል። ማስተርሱ ከሥራ በኋላ ይደርሳል።

በዚህ ሳምንት አማካሪሽ ዘንድ ሄደሽ ኮለመኑ እንዳለ፣ የማሽኑ ዲቴክተርም (የሚወጣውን የሚያየው ክፍል) ስኳር ማየት የሚችል መሆኑን ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ ያለው የአልትራቫዮሌት ዲቴክተር ስኳርን በደንብ አያይም። የሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ ዲቴክተር (ብርሃን በፈሳሹ ሲያልፍ መታጠፉን የሚለካው) ከሌለ የት እንደምትለኪ ሳትወስኚ ናሙና መሰብሰብ አትጀምሪ።