ክብ ቁጥር ካያችሁ ሰው ጠርጥሩ

በዚህ ወር የምመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች ናቸው። አራቱም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ለአዲስ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። ሃያ ዓመት የስልክ መስመር ጠግኛለሁ። ከዚያ የኮምፒውተር ላብ ቴክኒሻን ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዲግሪ የለኝም፤ ኬብል ግን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሦስት የምርምር ቡድኖች የምንጋራው ቴስትቤድ፣ ማለትም የኔትወርክ መሞከሪያ፣ አለን። ስምንት ሰርቨርና እነሱን የሚያገናኝ አንድ ስዊች ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ሦስተኛው ሰርቨር ይዘገያል። ከሱ ወደ ማንኛውም ሰርቨር ፒንግ ስናደርግ፣ ማለትም መልእክት ልከን መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ስንለካ፣ 80 ሚሊሰከንድ ይላል። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው 0.2 ናቸው። ኬብል ሦስት ጊዜ ቀየርን። የስዊቹን ፖርትም ቀየርን። ሪስታርት ስናደርገው ይድናል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ተመልሶ ይመጣል። አሁን አዲስ ኔትወርክ ካርድ ልንገዛ ብር እያዋጣን ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ማስረከቢያም ደርሷል።

መልስ፦ ብሩን ኪሳችሁ መልሱት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ደብዳቤህን ሳነብ ያስቆመችኝ 80 የምትለዋ ቁጥር ናት። ብልሽት እንዲህ ቁጥር አያውቅም። የታመመ ኬብል ፓኬት (በመስመሩ የሚላከውን ቁራጭ መረጃ) ይጥላል። አንዴ ይመልሳል፣ አንዴ ዝም ይላል፣ አንዴ ያቃስታል። ሁልጊዜ 80፣ ሁልጊዜ በቀጠሮ? ይሄ የኬብል ጠባይ አይደለም።

እስቲ እናስላው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ በፋይበሩ ላይ ብቻ ደርሶ መልሱ 1.3 ሚሊሰከንድ ነው። 80 ሚሊሰከንድ ማለት 8,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ያንኑ ያህል መመለስ ነው። ቤጂንግ ደርሶ መጣ በለው። የናንተ ሰርቨሮች ደግሞ አንድ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ታዲያ ፓኬቱ የት ቆይቶ ነው የሚመጣው? አንድ ሰው ይዞታል።

ቴስትቤድ ከተራ የኮምፒውተር ክፍል የሚለየው በዚህ ነው። እዚህ ሰዎች ኔትወርኩን ሆን ብለው ያበላሻሉ። ሥራቸው ነው። አንዱ ቪዲዮ በዘገየ መስመር ላይ ምን እንደሚመስል ያጠናል። ሌላው ፓኬት እየጣለ ፕሮግራሙ ይችለው እንደሆነ ያያል። ሊኑክስ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ኔትኤም የሚባል ነገር አለ። ቲሲ በሚባለው ትእዛዝ «ከዚህ ካርድ የሚወጣውን ሁሉ 80 ሚሊሰከንድ አዘግይ» ትለዋለህ። እሱም ሳያጉረመርም ያዘገያል። ሙከራህን ጨርሰህ ማንሳቱን ከረሳህ፣ ያንተ ሙከራ ለሚቀጥለው ሰው ብልሽት ሆኖ ይጠብቀዋል። ትእዛዙ ዲስክ ላይ ስለማይቀመጥ ሪስታርት ያጠፋዋል። በቀጠሮ ከተመለሰ ግን ቀጠሮ ያስያዘው አለ። እሱ ክሮን ነው፤ በተጻፈለት ቀንና ሰዓት ትእዛዝ የሚያስኬድ ፕሮግራም።

እስከዚህ ድረስ ከወንበሬ ሳልነሳ ገመትኩና ስልክ ደወልኩ። ቀጥሎ ያለውን ለሌሎች አንባቢዎች ስል ነው የምጽፈው፤ አንተማ ታውቀዋለህ።

«ክሮኑን አይታችኋል?» አልኩት።

«አይተናል እትዬ። በ4 ሰዓትም በ10 ሰዓትም የተያዘ ነገር የለም።»

«ሰርቨሩ በማን ሰዓት ነው የሚሄደው?»

ዝም አለ።

ሰርቨሩ የሚሄደው ዩቲሲ በሚባለው የዓለም መነሻ ሰዓት ነበር። ብዙ ሰርቨር እንዲሁ ነው። አገራችን ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር ከዚያ ላይ 6 እንቀንሳለን። ተደምሮ ተቀንሶ፣ ከሰርቨሩ ሰዓት ላይ 3 ስትቀንስ የኛን ታገኛለህ። የኛ ረፋድ አራት ሰዓት ሰርቨሩ ዘንድ 07:00 ነው። በ07:00 ሲፈልግ ማክሰኞና ሐሙስን የያዘ አንድ መስመር ተገኘ። በ09:00 የሚያነሳው ሁለተኛ መስመርም ከሥሩ አለ። ለዚህ ነው ከስድስት ሰዓት በኋላ ማንም ያልተቸገረው። የጻፈው ባለፈው ዓመት የተመረቀ ልጅ ነው። በነዚያ ቀናት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቴስትቤዱ የሱ ተራ ነበር። ልጁ ሄደ፣ ተራው ቀረ።

አልፈርድበትም። እኔ የባሰ ሠርቻለሁ። ድሮ ከምሠራበት ላብ አቧራ ስጠርግ፣ አንድ ጫፉ ስዊች ላይ የተሰካ፣ ሌላው ጫፉ የተንጠለጠለ ኬብል አየሁ። ወልቆ ነው ብዬ ባገኘሁት ባዶ ፖርት ላይ ሰካሁት። ለካ ስዊቹ ያው አንዱ ነው። ከራሱ ጋር አያያዝኩት። በሌላ ሳምንት ቢሆን ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው መከላከያ ፖርቱን ይዘጋው ነበር። በዚያ ሳምንት ግን አንድ ተመራማሪ ለሙከራው ሲል አጥፍቶታል። ለሁሉም የሚላክ አንድ መልእክት (ብሮድካስት) እየዞረ፣ እየተባዛ ስዊቹን ሞላው። መብራቶቹ በሙሉ እንደ ጥምቀት ከበሮ አንድ ላይ ይመቱ ጀመር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተፈለገ። እኔም አብሬ እፈልጋለሁ እኮ! የሰካሁት ነገር ትዝ ያለኝ ቡና ቀርቦ ሁለተኛው ሲቀዳ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ መደርደሪያው ላይ ደብተር አሰርኩ። እስክሪብቶውንም በሲባጎ። የነካ ሁሉ ይጽፋል። ቀኑን፣ ሰዓቱን በኛም በሰርቨሩም፣ ምን እንደነካና መቼ እንደሚመልሰው። «ኮምፒውተር ላይ ብንጽፈው አይሻልም?» የሚሉኝ ነበሩ። ኔትወርኩ ሲወድቅ በምን ልታነቡት ነው?

ብሩ ኪሳችሁ አልቀመጥ ካለ ትንሽ ሁለተኛ ስዊች ግዙበት። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኤሙላብ የሚባለው ቴስትቤድ መቆጣጠሪያውን ኔትወርክ ከመሞከሪያው ለይቶ ነው የሠራው። በአንዱ ትገባለህ፣ በሌላው ታበላሻለህ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው ነገሩ። ደግሞም አንዱ ሙከራውን ጨርሶ ሰርቨሩን ሲለቅ ዲስኩ በንጹሕ ቅጂ ይተካል። እንደዚያ ብታደርጉ ኖሮ የልጁ ክሮን በወጣበት ቀን አብሮት ይወጣ ነበር።

ጥያቄ፦ የላብ ረዳት ነኝ። ከሰርቨሮቻችን አንዱ ፍጥነቱ አይፐርፍ በሚባለው መለኪያ ሲለካ በሰከንድ 94 ሜጋቢት ላይ ይቆማል። ሌሎቹ 940 ያመጣሉ። ስዊቹ ጊጋቢት ነው። ሲስተሙን ጠርገን እንደ አዲስ ጫንነው፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ እህቴ፣ ሲስተሙን በከንቱ አደከማችሁት። 94 ስትይ መጀመሪያ ኬብሉን ያዢ።

ኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦ በአራት ጥንድ አለ። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። 100 ሜጋቢት ግን በሁለት ጥንድ ብቻ ይሄዳል፤ በ1 እና 2፣ በ3 እና 6። ከቀሩት ሽቦዎች አንዷ ስትቆረጥ ወይም ጫፏ በደንብ ሳይነከስ ሲቀር ካርዱና ስዊቹ በ100 ሊስማሙ ይችላሉ። መብራቱ ይበራል። ስህተት የሚል ጽሑፍ የለም። ከ100 ላይ የፓኬቱ ማሸጊያ ሲቀነስ 94 ገደማ ይቀርሻል፣ ከ1,000 ላይ ደግሞ 940። ካርዱ በስንት እንደተስማማ ኢዝቱል የሚባለው ትእዛዝ ይነግርሻል።

940 የሚያመጣውን ሰርቨር ኬብል ከዚህኛው ጋር አለዋውጪ። ሌላ ምንም አትንኪ። በሽታው ኬብሉን ተከትሎ ከሄደ አለቀ። ባለበት ከቀረ ቀጥሎ የስዊቹን ፖርት፣ መጨረሻ ላይ ካርዱን። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከቀየርሽ ቢድንም ምን እንዳዳነው አታውቂም።

«ታዲያ እዚህስ 100 ክብ ቁጥር አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነው። እዚህም ሰው አለበት፤ የኬብሉን ጫፍ የነከሰው (ክሪምፕ ያደረገው) ሰው።

መጥፎውን ኬብል ደግሞ በመቀስ ቁረጪው። መሳቢያ ውስጥ ከገባ ከወር በኋላ አንድ ቅን ሰው አውጥቶ ይሰካዋል።

ጥያቄ፦ የአፈር እርጥበት የሚለኩ፣ ራስቤሪ ፓይ 4 የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ተክለናል። አንዱ አንኮበር፣ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ እዚህ ሸዋ ሮቢት ነው። ፕሮግራሙ አንድ ዓይነት ነው። የኛው ብቻ ቀን ቀን ይንቀራፈፋል። ሚሞሪ ካርዱም ቶሎ ቶሎ ይበላሻል፤ አሁን አራተኛው ላይ ነን። የካርዱ ጥራት ይሆን?

መልስ፦ ሁለት በሽታ ነው የያዘው፤ አንድ አድርጋችሁ አትዩት።

መንቀራፈፉ ሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ እናንተ 1,300 ገደማ ላይ ናችሁ። ጣርማበርን ወርዶ ደብረ ሲናን ያለፈ ሰው ጃኬቱን የት እንደሚያወልቅ ያውቃል። ፓይ ጃኬት አያወልቅም። ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በቆርቆሮ ሣጥን ዘግታችሁ ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ምን ያድርግ? ጥላ ሥሩለት። ሣጥኑን ነጭ ቀቡት። ከታችና ከጎን ቀዳዳ አውጡለት፤ ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ፣ አለዚያ ጉንዳን ይሰፍርበታል።

ካርዱን የሚገድለው ግን መብራት ይመስለኛል። ካርዱ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ሲል ጽሑፉ መሐል ላይ ይቀራል። ጥሩ ካርድም ይበላሻል። ሌላው ቻርጀሩ ነው። ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልትና 3 አምፔር ነው። የስልክ ቻርጀር በረጅም ቀጭን ገመድ ስትሰኩበት ቮልቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ከ4.63 በታች ሲወርድ ፓይ ራሱ ሎግ በሚባለው መዝገቡ ላይ «ቮልት አነሰኝ» ብሎ ይጽፋል። አንብቡለት። ገመዱን አጭርና ወፍራም አድርጉ፣ ትንሽ ባትሪ ከመሐል አስገቡ። ከዚያ ዋናውን ሲስተም ንባብ ብቻ አድርጋችሁ ቆልፉት። ሎጉ ራም ላይ ይጻፍ፤ ልኬቱ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ይላክ። ካርዱ ላይ ብዙ ካልተጻፈ ብዙ አይሞትም።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው ያለነው። ዩፒኤሳችን (መብራት ሲሄድ ሰርቨሮቹን በባትሪ የሚያቆየው) ሌሊት ሌሊት ይጮሃል። ጠዋት ስንገባ ሁለት ሰርቨር ጠፍቶ እናገኛለን። መብራት እንዳልሄደ አረጋግጠናል። ባትሪውን ቀየርን፤ ያው ነው። የጀመረው ኅዳር ላይ ነው።

መልስ፦ ኅዳር ላይ ነው ያላችሁኝ? ሌሊት ክፍሉ ውስጥ የሚያድር ሰው አለ?

መብራት ሳይሄድ ዩፒኤስ ሳያቋርጥ ከጮኸ አብዛኛውን ጊዜ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል ማለት ነው። ባለ 1,000 ቪኤ ተራ ዩፒኤስ የሚችለው 600 ዋት አካባቢ ነው። ሁለት ሰርቨር ግማሹን ይወስዳል። ለብርዱ የሚሰካ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ደግሞ ብቻውን ከ1,000 በላይ ነው። ያኔ ዩፒኤሱ የአህያ ባል ይሆናል፤ ከጅብ አያስጥልም።

እኔ በነበርኩበት ቦታ እንዲሁ ሆኖ ነበር። አንድ ሌሊት ቆይቼ አየሁ። የጥበቃው አባባ ስቶቩን ያገኙት ባዶ ሶኬት ላይ ሰክተዋል፤ ሶኬቱ የዩፒኤሱ ነው። ከሰርቨሩ ጀርባ በሚወጣው ሙቅ አየር ላይ ደግሞ የረጠበ ጋቢያቸውን አስጥተዋል። «ይሄ ማሽን ደግ ነው» አሉኝ። የሚከፋው ጋቢው ነበር። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የባሕር ጠረፍ አየር ያህል ሙቀት አይሸከምም። ብዙ የሰርቨር አምራቾች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከተፈቀደው የክፍል ሙቀት ላይ አንድ ዲግሪ ቀንሱ የሚሉት ለዚህ ነው። ለደብረ ብርሃን ስድስት ዲግሪ ይሆናል። ብርዱ ያካክሰዋል፤ መውጫው በጋቢ ካልተዘጋ ነው ታዲያ።

የዩፒኤሱን ትርፍ ሶኬቶች በፕላስተር ሸፍኑና ላያቸው ላይ በትልቁ ጻፉ። ስቶቩን ግን አትቀሟቸው። የታኅሣሥን ሌሊት እናንተ አታድሩትም። ከበሩ አጠገብ ካለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰኩላቸው፣ ለጋቢውም ምስማር ምቱላቸው።