ፕላነርና ሞልደር፦ አንድ ማሽን ሁለቱንም ሥራ ይችላል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል። «ቤቴ ውስጥ አንድ መኪና በሚያስቆም ክፍል የእንጨት ሥራ እሠራለሁ። ሸካራ ጣውላ ገዝቼ ራሴ መላግ እፈልጋለሁ። የቤቴን ዞኮሎና የበር ዙሪያ ጌጥ እንጨትም ራሴ ለማውጣት አስቤያለሁ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፕላነር ይሻለኛል ወይስ መላግም ቅርጽ ማውጣትም የሚችለው ባለ ሁለት ሥራ ማሽን? ሞተሩስ ስንት የፈረስ ጉልበት ይሁን?»

ከፈረስ ጉልበቱ በፊት የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፕላነር ምን እንደማይሠራ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ማሽኑ እንጨቱን በምን ፍጥነት እንደሚስብ ነው። የእርስዎን ምርጫ የሚወስነው በተለይ ሁለተኛው ነው።

ፕላነር የጣውላውን ውፍረት እኩል ያደርጋል እንጂ የተጣመመ ጣውላ አያቃናም። ብዙ ሰው ማሽኑን ገዝቶ የሚበሳጨው እዚህ ላይ ነው። ጣውላው ሲገባ እንጨቱን የሚስቡት ሮለሮች ወደ ታች ይጫኑታል። የጎበጠው ለጊዜው ይተኛል፣ ምላጩም ላዩን ይልጋል። በወዲያ በኩል ሲወጣ ግን ተመልሶ ይጎብጣል። ያገኙት ልሙጥ ነገር ግን የጎበጠ ጣውላ ነው።

አንዱን ገጽ መጀመሪያ የሚያቃናው ማሽን ጆይንተር ነው። ጆይንተር ከሌለዎት አይጨነቁ፣ ዘዴ አለው። ከጣውላው ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ቀጥ ያለ ኮምፔርሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ ይቁረጡ። ጣውላውን በላዩ ያስተኙትና የሚወዛወዝበትን ቦታ ሁሉ በቀጫጭን ሽብልቅ ይደግፉ። ሽብልቆቹን በትኩስ ሙጫ ያጣብቋቸው። ጣውላው እንዳይንሸራተት በሁለቱም ጫፍ ከጣውላው ዝቅ ያለች ማገጃ እንጨት በኮላ ይለጥፉ። ሚስማር ግን አይምቱ፣ ምላጭዎን ይበላዋል። ሁለቱን አንድ ላይ በፕላነሩ ያሳልፉ። የላዩ ገጽ ሲቃና ጣውላውን ያላቁ፣ ይገልብጡትና ሌላውን ገጽ ያለ ድጋፍ ይላጉ። ጊዜ ይወስዳል። ለቤት ሥራ ግን ጆይንተር እስኪገዙ ድረስ በደንብ ያገለግልዎታል።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ምላጭ የሚሽከረከር ነገር ስለሆነ ገጹን ፍጹም ጠፍጣፋ አያደርገውም፤ ተከታታይ ጥቃቅን ስርጉዶችን ነው የሚተወው። ስርጉዶቹ ሲቀራረቡ ለዓይን ልሙጥ ይመስላሉ፣ ሲራራቁ ማዕበል ይሆናሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ምላጮቹ የሚታሰሩበት ጭንቅላት በደቂቃ 10,000 ጊዜ ቢዞርና 2 ምላጭ ቢኖረው 20,000 ጊዜ ይቆርጣል። እንጨቱ በደቂቃ 8 ሜትር ቢጓዝ በአንዱና በሌላው ቁርጥ መካከል ያለው ርቀት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ለጠፍጣፋ ገጽ ከበቂ በላይ ነው። ትንሽ ብርጭቆ ወረቀት ይጨርሰዋል።

ቅርጽ ሲያወጡ ግን ሒሳቡ ይቀየራል። የቅርጽ ምላጮች ሁለት ሆነው ቢታሰሩም ፍጹም እኩል ወጥተው አይቆሙም፤ በፀጉር ውፍረት ወጣ ያለችው አንዷ ናት የመጨረሻውን ገጽ የምትሠራው። ስለዚህ በደቂቃ 5,000 ዙር የሚሠራ ጭንቅላት ያለው ሞልደር፣ ማለትም ቅርጽ የሚያወጣ ማሽን፣ እንጨቱን በደቂቃ 5 ሜትር ቢስብ የስርጉዶቹ ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በጎን በኩል ብርሃን ሲያርፍበት ይታያል። ቫርኒሽ ሲቀቡት ደግሞ ይብስበታል። ቅርጹ ጠመዝማዛ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አሰልቺ ነው፣ የሾሉ ጠርዞችንም ያደበዝዛል። ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 2 ሜትር ቢያወርዱት ርቀቱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይመለሳል። ባለ ሁለት ሥራ ማሽን ሊገዙ ከሆነ እንግዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ ይህ ይሁን፤ እንጨቱን የሚስብበት ፍጥነት ይቀነሳል ወይስ አንድ ብቻ ነው? የማይቀነስ ከሆነ እኔ አልገዛውም።

ባለ ሁለት ሥራ ማሽኖች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዊልያምስ ኤንድ ሀሲ የተባለው አምራች እንደሚሠራው አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ስፋቱ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ነው። ጎኑ ክፍት ስለሆነ ለቅስት በርና መስኮት የሚሆን የታጠፈ ጌጥ ማውጣት ይችላል። ሌላው ውድማስተር የተባለው አምራች እንደሚሠራው በሁለቱም ጎን የተዘጋ፣ ሰፊ ጣውላ የሚያሳልፍ፣ ፍጥነቱም የሚስተካከል ነው። ሁለቱም ጥሩ ማሽኖች ናቸው። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ማሽኑ ሁለቱንም ሥራ ይችላል እንጂ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይሠራም። የቅርጽ ምላጩን አስረው፣ ከእንጨቱ በታች መደገፊያ ሰሌዳ አንጥፈው፣ የግራና ቀኝ መምሪያዎቹን አስተካክለው ሥራ ጀመሩ እንበል። ከዚያ አንዱ ጣውላ 2 ሚሊ ሜትር ወፍሮ ተገኘ። ሁሉንም ፈተው እንደገና ማሰር ሊኖርብዎ ነው። ይህ በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይኸውና። መጀመሪያ ፕላነሩን ለብቻው ይግዙ። ለአንድ ቤት ዞኮሎና የበር ጌጥ የጠረጴዛ ራውተር (በሚሽከረከር ትንሽ ምላጭ የእንጨት ጠርዝ የሚቀርጽ መሣሪያ) ይበቃዎታል። ሰፊና የተወሳሰበ ቅርጽ ከፈለጉ ሁለት ሦስት ቀጫጭን እንጨቶችን ለየብቻ ቅርጽ አውጥተው ደራርበው ይለጥፏቸው። ግድግዳ ላይ ሲወጣ አንድ ወጥ ይመስላል። ሞልደር ትርጉም የሚኖረው ስፋቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ወጥ ቅርጽ፣ የታጠፈ ጌጥ፣ ወይም ለሌሎች ሰዎች የሚያወጡት ብዙ መቶ ሜትር ሥራ ሲኖርዎ ነው። ያኔም ቢሆን ፕላነርዎ አይባክንም፤ ጣውላውን እሱ ያዘጋጃል፣ ሞልደሩ ቅርጹን ብቻ ያወጣል።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ 1 የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ፕላነሮች ወደ 1,800 ዋት የሚስብ ባለ ካርቦን ሞተር አላቸው፤ እስከ 33 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጣውላም ያሳልፋሉ። ለእርስዎ ይበቃል፣ ካልተስገበገቡ። ሰፊና ጠንካራ እንጨት ሲሆን በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ አይቁረጡ። ማራዘሚያ ገመዱ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ሞተሩ የሚደርሰው ቮልት ይወርዳል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ወፈር ያለ አጭር ገመድ ይጠቀሙ። የእነዚህ ሞተሮች ጩኸት ከባድ ነው፤ ለአንድ ጣውላም ቢሆን ጆሮዎን ሳይሸፍኑ አያስነሱት።

ገንዘብ የሚተርፍዎ ከሆነ ለትልቅ ሞተር ሳይሆን ለጭንቅላቱ ያውጡት። ቀጥ ባለ ረጅም ምላጭ ፈንታ ካርባይድ ከተባለ በጣም ጠንካራ ብረት መሰል ነገር የተሠሩ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ምላጮች በጥምዝ የተደረደሩበት ጭንቅላት አለ። እያንዳንዷ ምላጭ አራት ስለት አላት። አንዱ ስለት ሲደንዝ ወይም ሲሸረፍ ብሎኗን ፈትተው ማዞር ብቻ ነው። ቃጫው ወዲያና ወዲህ የሚሄድ እንጨት ሲልጉ ገጹን አይቦጭቀውም ማለት ይቻላል፤ ጩኸቱም ይቀንሳል።

ስለ ሰጋቱራና ፍቅፋቂ ማንም ሳይነግርዎ ማሽኑን ይገዙ ነበር ብዬ እፈራለሁ። ፕላነር የሚያወጣው ፍቅፋቂ ብዛት ያስደነግጣል። የቤት ቫኪዩም በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ የሚቀበል፣ ፍቅፋቂ የሚስብ ማሽን ያስፈልግዎታል። የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያልተሳበ ፍቅፋቂ በመውጫው ሮለር ሥር ገብቶ አሁን የተላገውን ገጽ ይጨፈልቀዋል። ጣውላውን ወደ መስኮት ዘንበል አድርገው ቢያዩት የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ስርጉዶች ያያሉ። እርጥብ ጨርቅ ቢያሳርፉባቸው አብዛኞቹ ተነፍተው ይመለሳሉ።

ሌላው የተለመደ ጉድ የጣውላው ጫፍ ላይ የሚቀር ጎድጎድ ያለ ቁርጥ ነው። የጣውላው መጀመሪያና መጨረሻ በአንድ ሮለር ብቻ ስለሚያዝ ጫፉ ወደ ምላጩ ይነሳል። በጣትዎ ቢዳስሱት ወዲያው ይታወቅዎታል። የመግቢያና የመውጫ ጠረጴዛዎቹን የውጭ ጫፍ በጣም በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ፤ ረጅም ጣውላ ሲገባም ሲወጣም በእጅዎ ወደ ላይ ይደግፉት። እንደዚያም ሆኖ ከእያንዳንዱ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ትተው ቢጀምሩና በኋላ ቢቆርጡት ይሻላል። ብዙ ጣውላ ካለዎት አንዱን በሌላው ጭራ ላይ አስጠግተው ያስከትሉ፤ ችግሩ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ላይ ብቻ ይቀራል።

ያገለገለ ማሽን ካገኙ ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ ጭንቅላቱን በእጅዎ በቀስታ ያዙሩት። ኩሽኔታው ከሻከረ ወይም ወደ ጎን ከተነቃነቀ ይተዉት። ከዚያ አንድ ጣውላ ያሳልፉና ውፍረቱን በግራና በቀኝ ጠርዝ ይለኩ። ልዩነት ካለ ይስተካከላል ወይ ብለው ባለቤቱን ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይስተካከላሉ።

በመጨረሻ አጫጭር እንጨቶችን አያስገቡ። በመግቢያና በመውጫው ሮለር መካከል ካለው ርቀት ያጠረ እንጨት ምላጩ ሥር ያለ ያዥ ይቀራል፤ ተሰባብሮ ወደ እርስዎ ሊወረወር ይችላል። ለአብዛኞቹ ትናንሽ ፕላነሮች ዝቅተኛው ርዝመት ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የእርስዎን ማሽን ትክክለኛ ልክ ከመመሪያው ያንብቡ። አጭር ቁራጭ ካስፈለገዎ ረጅሙን መጀመሪያ ልገው ቀጥለው ይቁረጡት። ማሽኑ ሲሠራም ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ወደ ጎን ፈንጠር ብለው ይቁሙ፤ ውስጡን አጎንብሰው አይመልከቱ።