«ረዳት ሐኪም» ወይስ «የሐኪም ረዳት»?

ጥያቄ፦ በእንስሳት ክሊኒክ በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። ለሠራተኞቹ ባጅ በአማርኛ ልናሠራ ነው። ደንበኞች ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ይላሉ፤ ቴክኒሻኑም ዝም ብሎ «አቤት» ይላል። እንስሳቱን እየያዘ የሚያግዘው ልጅ ደግሞ በረቂቁ ላይ «ረዳት ሐኪም» ተብሏል። ልክ ነው? ሐኪማችንስ «ዶ/ር» ይባሉ ወይስ «የእንስሳት ሐኪም»?

መልስ፦ ከልጁ ባጅ ልጀምር፤ ሳይታተም መታረም ያለበት እሱ ነው። «ረዳት» ያለ «የ» ከሙያ ስም ፊት ሲቆም ደረጃን ያመለክታል። ረዳት ፕሮፌሰር የፕሮፌሰሩን ቦርሳ የሚይዝ ሰው አይደለም፤ ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ረዳት አብራሪም ፈቃድ ያለው አብራሪ ነው፤ አውሮፕላን ያስነሣል፣ ያሳርፋል። ስለዚህ «ረዳት ሐኪም» የሚለውን ያነበበ ደንበኛ፣ ሕክምና ተምሮ በዋናው ሐኪም ሥር የሚሠራ ሐኪም ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። «የሐኪም ረዳት» ሲባል ግን ሐኪሙ ሌላ፣ የሚያግዘው ሌላ መሆኑ ግልጽ ነው። ልዩነቱ ያለው በ«የ» እና በቃላቱ ቅደም ተከተል ላይ ብቻ ነው፤ ግን በሽታውን የሚመረምረውንና እንስሳውን የሚይዘውን የሚለዩት እነሱ ናቸው። ባጁ ላይ «የእንስሳት ሐኪም ረዳት» ብለው ያጽፉለት።

ወደ «ዶክተር» ልምጣ። ዶክተር የትምህርት ማዕረግ ነው፤ ሐኪም የሥራ ስም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ስለሚገናኙ አንድ ይመስሉናል እንጂ ሁልጊዜ አይገናኙም። በጀርመን አምስት ዓመት ተኩል ተምሮ የመንግሥቱን ፈተና ያለፈ ሰው በእንስሳት ሐኪምነት ይሠራል፤ «ዶክተር» ለመባል ግን የምርምር ጽሑፍ አቅርቦ ማዕረጉን ማግኘት አለበት። በብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞች «ዶክተር» የሚለውን በአክብሮት መጠሪያነት እንዲጠቀሙ ሮያል ኮሌጅ የሚባለው የሙያው ተቆጣጣሪ አካል የፈቀደው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ሲፈቅድም ሕዝቡ ከሰው ሐኪም ወይም ከፒኤችዲ ባለቤት ጋር እንዳያምታታቸው፣ የእንስሳት ሐኪም መሆናቸው ከስማቸው ጋር አብሮ እንዲገለጽ አሳስቧል። በተቃራኒው በሥነ ሕይወት ፒኤችዲ ያላት ምሁር ያለ ጥርጥር ዶክተር ናት፤ ውሻዎን ግን አታክምም።

እንግዲህ ሐኪማችሁ ማዕረጉ ካላቸው ምርጫው «ወይስ» አያስፈልገውም። በላይኛው መስመር «ዶ/ር» ከስማቸው ጋር፣ ከሥሩ «የእንስሳት ሐኪም» ይጻፍ። ስሙ የራሳቸው ይሁን፤ በአማርኛ ማዕረግ ከአባት ስም ጋር ብቻ ሲቀመጥ አባትየውን መጥራት ይሆናል። ከፊት «ዶ/ር» ብሎ ከኋላ «ዲቪኤም» (የእንስሳት ሕክምና ዶክተር ማለት ነው) መጨመርም ያንኑ ማዕረግ ሁለቴ መናገር ነው። አሕጽሮቱ ደግሞ ስም ይፈልጋል። «ዶ/ር ገብተዋል?» ተብሎ በማስታወሻ ሲጻፍ አያለሁ፤ ስም ካልተከተለ «ዶክተር» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ።

ቴክኒሻኑን በተመለከተ፣ «አቤት» ማለቱ ከትሕትና ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን አልደግፈውም። በሽታውን መለየት፣ መድኃኒት ማዘዝና ቀዶ ሕክምና የሐኪም ሥራ ናቸው። «ዶክተር» ተብሎ ዝም ያለ ሰው በጨዋታ መካከል የሰጠው ግምት እንደ ምርመራ ውጤት ይወሰድበታል። «ቴክኒሻን ነኝ፤ ዶክተርን ልጥራልዎ» ቢል ክብሩ አይቀንስም። የራሱ ትምህርትና የራሱ ምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ነውና። በአሜሪካ ለምሳሌ የቴክኒሻን ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ብሔራዊ ፈተናም አለው። ከዚያ በኋላ አንዱ ግዛት «የተመዘገበ»፣ ሌላው «ፈቃድ ያለው»፣ ሌላው «የተመሰከረለት» ይለዋል፤ ሥራው ያው ነው። እነዚህን ቅጽሎች ባጅ ላይ መደርደር አንባቢን ደረጃ ያስቆጥራል እንጂ አይጠቅምም። በብሪታንያ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው ነርስ ይባላል። እናንተ ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውን ተከተሉ፦ «የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሻን» ወይም «የእንስሳት ነርስ»። «ሲስተር» የአክብሮት መጥሪያ ስለሆነ በአፍ ይቅር፤ ባጅ ላይ አይውጣ።

ስላልጠየቁኝ «ስፔሻሊስት» አንድ ነገር ልጨምር። ጥርስ ማከም የሚወድ ሐኪም የጥርስ ስፔሻሊስት አይደለም፤ ቃሉ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ የዘርፉን ፈተና ላለፈ ይቀመጥ። ለሌላው «በጥርስ ሕክምና ላይ የሚያተኩር» ማለት ይበቃል።

አታሚው ዘንድ ሲሄዱ ደግሞ አጻጻፉን ይዩ። «እንሰሳት» ሳይሆን «እንስሳት» ነው፤ «ሐኪም» በሐመሩ ሐ ይጻፋል። «እንስሳት» በግእዙ እርባታ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «የእንስሳቶች ሐኪም» ብለው ዳግመኛ አያብዙት፤ ሐኪሞቹ ሁለት ከሆኑ «የእንስሳት ሐኪሞች» ይባላሉ።