ከሸክላው ሣጥን፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ዘፈን ሸክላ የላካችኋቸው ጥያቄዎች በዝተዋል። ዛሬ አምስቱን ልመልስ።

የአባቴ ሸክላዎች አንዳንዶቹ ከባድና ደረቅ ናቸው፤ ሌሎቹ ቀለል ያሉና ተጣጣፊ። ልዩነታቸው ምንድነው? (ከጎንደር)

ከባዱ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ሸክላ ነው። የሚሠራው ሼላክ ከሚባል፣ ትንንሽ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት ነው። ከእጅ ካመለጠ እንደ ጀበና ገል ይሆናል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን ያስቀረጹት በዚህ ዓይነቱ ነው። ቀለል ያለው ቪኒል ነው፣ ፕላስቲክ። ኮሎምቢያ የሚባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረውን ረጅሙን ሸክላ በ1948 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ በዓመቱ ሌላው አሳታሚ አርሲኤ ቪክተር ባለ 45ቱን አስከተለ። አደራ፣ ባለ 78ቱን በአልኮል እንዳይጠርጉት። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል።

የእኛው ዘፈን ሆኖ ሸክላው ለምን ውጭ አገር ታተመ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ ያኔ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ነው። የውጭ ሸክላ እያስመጣ ይሸጣል፤ የአዲስ አበባን ባንዶች ደግሞ ማታ ማታ ይሰማል። የእነሱ ሸክላ አለመኖሩ አልዋጥልህ አለው። በ1969 እ.ኤ.አ. ሁሉንም ነገር በራሱ ላይ ወስዶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። ማተሚያ እዚህ አልነበረም። ዘፈኑ የተቀዳበት ቴፕ መጀመሪያ ወደ ህንድ ተላከ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስና ግሪክ። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። እኔ ለዚህ ሰው ድፍረት ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ቴፑ ፋብሪካ ሲገባ የሚሆነውም ደስ ይላል። ላከር የሚባል ለስላሳ ቅብ በተቀባ የአሉሚኒየም ዝርግ ላይ ሹል መቁረጫ ድምፁን አንድ ጠመዝማዛ መስመር አድርጎ ይቀርጸዋል። ብር ይረጭበታል፣ ከዚያ በኒኬል ይለበጣል። ኒኬሉ ሲላቀቅ ጎድጓዳው ሁሉ ጉብታ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ የሚዘጋጁት ሁለት ማህተሞች እንደ ሊጥ የለሰለሰ ትኩስ ቪኒል መሃላቸው አስገብተው ይጫኑታል። ግማሽ ደቂቃ ገደማ፣ አለቀ።

የባለ 45ቱ ቀዳዳ ሰፍቶ ማጫወቻዬ ላይ ይዋልላል።

መሃሉ ላይ የሚገባ ትንሽ ክብ ፕላስቲክ አለ። ሸክላ የሚሸጡትን ይጠይቁ፣ አይጠፋም።

የእናቴ ሸክላዎች አቧራ ጠጥተዋል። ልጠባቸው ወይስ ይቅር?

ቪኒል ከሆነ ይጠቡት። ባለፈው እሁድ እኔም አንድ ባለ 45 አጥቤያለሁ። ዲስትልድ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ የሳህን ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ ሌላ አላስፈለገኝም። ጨርቁን መስመሩን ተከትዬ አዞርኩት። አቋርጦ መፈተግ ይጭራል። መሃል ያለውን ወረቀት ውሃ እንዳይነካው በአውራ ጣቴ ከልዬ ያዝኩት። ጨርቁ ቡና የተደፋበት መሰለ! በንጹህ ውሃ አለቅልቄ ጥላ ላይ አቁሜ አደረቅኩት። ሳጫውተው ከጩኸቱ ስር ተደብቆ የነበረው ቤዝ ጥርት ብሎ ወጣ።

ሲያስቀምጡም እንደ መጽሐፍ ያቁሟቸው። ተደራርበው ከተኙ ወይም ፀሐይ ካገኛቸው ይጣመማሉ። የማጫወቻው መርፌ ካረጀ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይቀየር፤ ያረጀ መርፌ ሸክላውን ይበላዋል።

የረጅሙ ሸክላ የመጨረሻ ዘፈን ለምን ይሻክራል?

ሸክላው ከዳር እስከ መሃል በእኩል ፍጥነት ይዞራል፤ ክቡ ግን ወደ መሃል እየጠበበ ይሄዳል። ዳር ላይ በአንድ ሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል መስመር በመርፌው ስር ያልፋል። መሃል ሲደርስ 20 ብቻ። ያው ድምፅ በጠባብ ቦታ ይታጨቃል ማለት ነው። ብዙ አሳታሚዎች ቀዝቀዝ ያለውን ዘፈን መጨረሻ ላይ የሚያደርጉትም ለዚህ ነው። የእርስዎ ሸክላ ላይ ሞቅ ያለው መጨረሻ ከሆነ መርፌውን በደንብ ያጽዱት፣ መርፌውን የያዘውን ክንድ ክብደትም ያስተካክሉት። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዎታል።