ስላይዱን እናንተው እዩት

ለጀማሪ የእንስሳት ሐኪሞችና ለላብራቶሪ ልጆች፣

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት መኪና የገጨው ውሻ አመጡልኝ። በእግሩ ነው የገባው። ጅራቱንም ይቆላል። ደም ወሰድኩ፣ ቀጭኗን የመስታወት ቱቦ ሞልቼ ሴንትሪፊዩጁ ላይ አሽከረከርኳት። ፒሲቪው 46 መጣ። ከመቶ እጅ ደሙ 46ቱ ቀይ ሴል ነው ማለት ነው። ለውሻ ከ37 እስከ 55 ደህና መሆኑን በቃሌ አውቃለሁ። «ደሙ ሙሉ ነው፣ አታስቡ» ብዬ ባለቤቶቹን ሸኘኋቸው። ውሻው ሌሊቱን ሞተ።

ሆዱ ውስጥ እየደማ ነበር። ቁጥሩ አልዋሸም፤ እኔ ነኝ ማንበብ ያልቻልኩት። እንስሳ ሲደማ ቀይ ሴሉና ፈሳሹ አብረው ነው የሚወጡት። ከአንድ ባልዲ ቀለም ግማሹን ብትደፉ የቀረው ያንሳል እንጂ አይቀጥንም። ፒሲቪ የሚለካው ውፍረቱን ነው፣ ብዛቱን አይደለም። በዚያ ላይ የውሻ ጣፊያ በድንጋጤ ጊዜ ተኮማትሮ ያጠራቀመውን ቀይ ሴል ወደ ደም ስር ይለቃል። ቁጥሩ የሚወርደው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ ከሰውነት የመጣ ፈሳሽ የቀረውን ደም ሲያቀጥነው።

የሚያናድደው መልሱ እጄ ላይ ነበር። ያችኑ ቱቦ ሰብሬ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ሪፍራክቶሜትር ላይ ጠብ ባደርገው ፕሮቲኑን አነብ ነበር። ጣፊያ ቀይ ሴል ያበድራል እንጂ ፕሮቲን አያበድርም። ስለዚህ በሚደማ ውሻ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወርደው ፕሮቲኑ ነው። ድዱን ገልጬ ባይ፣ የልብ ምቱን ብቆጥር፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሜ ብለካ ኖሮ እጠረጥር ነበር። አንዱንም አላደረግኩም።

ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ በጣም ተሻሽለዋል። እናንተ አንድ ጠብታ ደም አስገብታችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ሃያ ሠላሳ ቁጥር ታገኛላችሁ። አልቀናም አልልም። ግን ወረቀቱን ይዘው የሚሮጡ፣ እንስሳውን ዞር ብለው የማያዩ ወጣቶች እየበዙብኝ ነው። ደሙ የመጣው ከእንስሳ ነው። ከእሱ ነጥላችሁ ካነበባችሁት ያሳስታችኋል።

ስህተቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ማሽኑ ጋ አይደለም፣ መርፌው ጋ ነው። ቀጭን መርፌ ሰክታችሁ ሲሪንጁን በኃይል ከሳባችሁ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። ደም ስሩን ስትፈልጉ መርፌውን ከወዲያ ወዲህ ካመላለሳችሁት ደሙ መርጋት ይጀምራል። ወይንጠጅ ክዳን ያላት የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ቱቦ እስከ ምልክቷ ካልሞላች ደግሞ የተረፈው ኢዲቲኤ ቀይ ሴሎቹን ያኮማትራል። ፒሲቪውም ካለው በታች ሆኖ ይነበባል። እንስሳው ደም አላነሰውም፤ ቱቦዋ ናት ያነሳት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቀን በሩጫ መጣ። ፖታሲየሙ ሰማይ ነክቷል፣ ካልሲየሙ የለም ማለት ይቻላል። በቁጥሩ መሠረት እንስሳው መሞት ነበረበት። እንስሳው ግን ቆሞ ይበላል። «ደሙን ከየትኛው ቱቦ ወደየትኛው ገለበጥከው?» አልኩት። ዝም አለ። ወይንጠጇ ቱቦ አላግባብ ስለሞላች የተረፈውን ወደ ሴረም ቱቦዋ (ደሙ ረግቶ ፈሳሹ ወደሚለይባት) ገልብጦታል። ኢዲቲኤ የሚሠራው ካልሲየም በመያዝ ነው፤ የሚመጣውም ከፖታሲየም ጋር ተጣምሮ ነው። የሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ማበድ ፊርማው ነው። አንዴ ካያችሁት አትረሱትም።

ስኳርም እንዲሁ ነው። ሴረሙን ሳትለዩ ደሙን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት ሴሎቹ ስኳሩን እየበሉት ይቆያሉ። በየሰዓቱ ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጁ ይጠፋል። በተቃራኒው፣ የተጨነቀች ድመት ምንም ስኳር በሽታ ሳይኖርባት ስኳሯ አሻቅቦ ይገኛል። ስለዚህ ናሙናው ላይ ሰዓቱን ጻፉ። እንስሳው ሲያዝ ታግሎ ከነበረም ጻፉ። እኔ «በጣም ታግላለች» ብዬ እጽፍ ስለነበር ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ።

አሁን ወደ ስላይዱ፣ ደም ወደሚቀባበት መስታወት፣ ልምጣ። ይህን ያስተማሩኝ አንድ የድሮ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ናቸው። የአንዲት ድመት ፕላትሌት (ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ሴሎች) በማሽኑ 12 ሺህ መጣ። በማይክሮሊትር ማለቴ ነው። እኔ ወዲያው «ሰውነቷ የራሱን ፕላትሌት እያጠቃ ነው» ብዬ ከባድ መድኃኒት ልጀምር ስል ጋሼ ተጠግተው «ዶክተር፣ እስቲ መጀመሪያ ጫፉን ይዩት» አሉኝ። የስሚሩን (ስላይድ ላይ የተቀባውን ደም) ስስ ጫፍ ማለታቸው ነው። አየሁት። ፕላትሌቶቹ እንደ ወይን ዘለላ ተጣብቀው እዚያ ተሰብስበዋል። የድመት ፕላትሌት ቶሎ ይጣበቃል፣ ትልቅም ነው። ማሽኑ የተጣበቀውን ሳይቆጥር ያልፋል፣ ትልልቁን ደግሞ ቀይ ሴል ይለዋል። ድመቷ ምንም አልነበረባትም። መድኃኒቱን ጀምሬላት ቢሆን ግን ይኖርባት ነበር።

እናንተም መገመት ትችላላችሁ። በዘይት በሚሠራው የ100 ሌንስ፣ ሴሎቹ ሳይደራረቡ በተዘረጉበት ቦታ፣ በአንድ እይታ የምታዩአት አንዲት ፕላትሌት በማይክሮሊትር 15 ሺህ ያህል ትቆጠራለች። አሥር ቦታ ቆጥራችሁ አማካዩን ውሰዱ። የተጣበቀ ካለ ግን ቆጠራውን ተዉትና «በቂ ይመስላል፣ ተጣብቋል» ብላችሁ ጻፉ። ይህን መጻፍ አያሳፍርም።

ዝርያዎቹም ራሳቸው ያሳስታሉ። የግመል ቀይ ሴል ሞላላ ነው። የወፍና የእባብ ቀይ ሴል ኒውክሊየስ አለው፤ ስለዚህ ለአጥቢ እንስሳ የተሠራ ማሽን ነጭ ሴል ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ግሬይሃውንድ የሚባለው ሯጭ ውሻ ፒሲቪው ወደ 60 ቢጠጋ ውሃ ጠምቶታል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ተፈጥሮው ነው። ፈረስ ደግሞ ለብቻው ነው። ሌሎቹ እንስሳት ደም ሲያንሳቸው መቅኔያቸው ያልጎለመሱ ቀይ ሴሎችን፣ ሬቲኩሎሳይት የምንላቸውን፣ ወደ ደም ይልካል። ፈረስ አይልክም። «ሬቲኩሎሳይት የለም፣ መቅኔው ሞቷል» ብላችሁ ፈረስ ላይ ፍርድ እንዳትሰጡ።

ደም ማነስ ራሱ በሽታ አይደለም። ደሙ ወይ ፈሷል፣ ወይ እዚያው ደም ስር ውስጥ ወይም ጣፊያ ውስጥ እየፈረሰ ነው፣ ወይ መቅኔው አላመረተም። ለመለየት ግን ጊዜ ያስፈልጋል። መቅኔው ምላሽ ለመስጠት ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። ትናንት የደማ እንስሳ ዛሬ ሬቲኩሎሳይት ባይኖረው አይግረማችሁ። የሚፈርስ ደም ደግሞ ስላይዱ ላይ ምልክቱን ይተዋል። መሃላቸው ያልሳሳ፣ ድቡልቡል ያሉ ትንንሽ ቀይ ሴሎች ውሻ ላይ ካያችሁ ሰውነቱ የራሱን ደም እያጠቃ ሊሆን ይችላል። ጠርዛቸው ላይ እንደ ኪንታሮት ጉብ ያለባቸውን ካያችሁ ባለቤቱን «ሽንኩርት በልቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለድመት ከሆነ ፓራሲታሞል ሰጥተዋት እንደሆነ ጠይቁ። ሰዎች በደግነት ይሰጣሉ። አንድ እንክብል ድመት ሊገድል ይችላል። ደሟም ወደ ቡና ዓይነት ቀለም ይለወጣል።

በግና ፍየል ላይ ከሆናችሁ ከማይክሮስኮፑ በፊት የዓይን ቆብ ገልብጡ። ሄሞንከስ የሚባለው የሆድ ትል እያንዳንዱ በቀን 0.05 ሚሊሊትር ያህል ደም ይመጥጣል። ትንሽ ይመስላል። 5,000 ትል ያለባት በግ ግን በቀን ሩብ ሊትር ታጣለች ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራው ፋማቻ የተባለው ካርድ የዓይን ቆብን ቀለም ከቀይ እስከ ነጭ በ5 ደረጃ ይከፍለዋል። እረኛ ሊያነበው ይችላል። በሥራ ዘመኔ ካየሁት የደም ምርመራ ሁሉ ብልሁ ይኼ ይመስለኛል፤ መርፌ እንኳ የለውም።

በደም ውስጥ የሚኖሩ ተውሳኮችንም በዓይናችሁ ማወቅ አለባችሁ። ይህ ሙያ በዓለም ሳይንስ ላይ አሻራውን ያሳረፈው እዚህ ላይ ነው። በ1893 ቲዮባልድ ስሚዝና የእንስሳት ሐኪሙ ፍሬድሪክ ኪልቦርን የከብትን ቀይ ሴል የሚያፈርሰውን ባቤዥያ የተባለ ተውሳክ መዥገር እንደሚያስተላልፈው አሳዩ። በ1895 ዴቪድ ብሩስ ዙሉላንድ ውስጥ ከታመሙ ከብቶች ደም የገንዲን ተውሳክ አገኘ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለገንዲ ከሽክርክሪቱ በኋላ በቀዩና በፈሳሹ መካከል የምትቀረውን ነጭ ስስ መስመር ማይክሮስኮፕ ስር እዩ። ተውሳኩ እዚያ አካባቢ ይከማቻል። ሲርመሰመስ ታዩታላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ጮኬ ነበር።

አንድ ወሬ ልጨምር፣ ስለምወደው ነው። በ1920ዎቹ ካናዳና የዩናይትድ ስቴትስ ሰሜናዊ ክፍል ውስጥ ከብቶች በትንሽ ቁስል ደማቸው እየፈሰሰ ያልቁ ነበር። ፍራንክ ስኮፊልድ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ምክንያቱ የሻገተ የመኖ ሣር መሆኑን ለየ። በ1933 አንድ ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር የሞተች ጊደር፣ የማይረጋ ደም የሞላበት የወተት ጋንና የተበላሸ ድርቆሽ ጭኖ አሜሪካ ውስጥ ያለው የኬሚስቱ የካርል ፖል ሊንክ ላብራቶሪ ደረሰ። የሊንክ ቡድን ዓመታት ፈጅቶበት መርዙን አወጣው። ከዚያ ሥራ ዋርፋሪን መጣ፤ በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ወጣ፣ ቆይቶም የሰው መድኃኒት ሆነ። ዛሬ ውሻ የዚህን ዓይነት የአይጥ መርዝ ሲበላ የምታዩት የእነዚያን ከብቶች በሽታ ነው። ለሁለት ሦስት ቀን ምንም አይመስልም። ከዚያ ነው የሚደማው። ስለዚህ «በልቷል ግን ደህና ነው» ሲሏችሁ አትዝናኑ። የመርጋት ጊዜውን ለኩ፣ ቫይታሚን ኬ1ን ለሳምንታት ስጡ፣ ከመጨረሻው መጠን ከ48 ሰዓት በኋላም ደግማችሁ ለኩ።

ደም መስጠት ካስፈለጋችሁ ደግሞ ድመትና ውሻን አንድ አታድርጉ። ውሻ የመጀመሪያውን ደም ብዙውን ጊዜ ይቀበላል። የቢ ዓይነት ደም ያላት ድመት ግን የኤ ዓይነት ደምን የሚያጠቃ ፀረ አካል ይዛ ነው የምታድገው። በመጀመሪያው ቀን፣ በጥቂት ሚሊሊትር ልትሞት ትችላለች። ሳይመረመር የድመት ደም አይሰጥም። አለቀ።

ሌላም ክልክል አለ። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚወጣ ከብት ካጋጠማችሁ አትክፈቱት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ጀርሙ አየር ሲያገኝ ለዓመታት አፈር ውስጥ የሚቆይ ዘር ይሠራል። ጓንት አድርጋችሁ ከጆሮ ደም ስር ጠብታ ወስዳችሁ ስሚር ሥሩ፣ ለሚመለከተው አስታውቁ፣ በቃ።

በቀይ ስለሚታተሙት ቁጥሮችም ትንሽ ልበል። መደበኛ ልክ የሚባለው የሚወጣው ከመቶ ጤነኛ እንስሳት 95ቱን እንዲይዝ ተደርጎ ነው። አምስቱ ጤነኞች ሆነው ከልክ ውጭ ናቸው። ሃያ የማይገናኙ ምርመራዎች በአንዴ ካዘዛችሁ ከመቶ ጤነኛ እንስሳት 64ቱ ቢያንስ አንድ ቀይ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ወረቀቱን ሳታዩ ምን እንደምትጠብቁ አስቡ። የጠበቃችሁት ከመጣ ጥሩ፣ ካልመጣ ደግሞ ወደ እንስሳው ተመለሱ።

ከነገ ጀምሮ ደግሞ የጤነኛ እንስሳት ስላይድ ሥሩ። ለሌላ ምርመራ ከተወሰደው ደም አንድ ጠብታ ይበቃል። ጤነኛውን ሳታውቁ የታመመውን አትለዩትም። ስሚሩ ወፍራም ከሆነባችሁ ጠብታውን አሳንሱ፣ የምትገፉበትን ስላይድ ማዕዘን ዝቅ አድርጉ። በደንብ ሳይደርቅ ቀለም ውስጥ አትንከሩት። የመጀመሪያዎቹ ሃምሳዎቹ ያስጠላሉ። የኔም ያስጠሉ ነበር።